ከዓድዋ ወንዝ እስከ ራያ ሜዳ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የበሽታ መከላከል ምርምር ጥራት

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያመራው መንገድ ጎብዬን ሲያልፍ የራያ ሜዳ በሰፊው ይዘረጋል። በምዕራብ የላስታ ደጋ ግርጌ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በመካከል ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ቆላ ነው። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፉ ማሳ ማጠጣት የአካባቢው ነባር ዘዴ ሲሆን፣ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የልማት ፕሮግራም አማካይነት በከርሠ ምድር ውኃ የሚለማ መስኖ ተስፋፍቷል። ዝግ ብሎ የሚፈስ ቦይና የተጠራቀመ ውኃ ባለበት ግን ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሊራባ ይችላል። በሽታው በራያ ቆላ መኖሩም የታወቀ ነው። በዚህ አካባቢ ጥናት ለማድረግ የሚወጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ከስድሳ ዓመት በፊት በዓድዋ ወንዝ ዳር የተጀመረን ሥራ እየተከተለ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የዚያን ሥራ ባለቤት የዶክተር አክሊሉ ለማን ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል፦ በመንግሥት ተቋም ውስጥ፣ በሕዝብ ሀብት የሚካሄድ የበሽታ መከላከል ምርምር ጥራት የሚለካው በምንድን ነው? ስለ አክሊሉ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ጽሑፍ ግን በእንዶድ ግኝት ላይ ቆሞ ይቀራል። እንደ እኔ አመለካከት ለተመራማሪ የበለጠ የሚያስተምረው ከግኝቱ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክሊሉ በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው፣ በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም ነበር። ወዲያው ከገቡባቸው ሥራዎች አንዱ በትግራይ፣ በዓድዋ ከተማና በአካባቢዋ የቢልሃርዝያን ስርጭት ማጥናት ነበር።

ቢልሃርዝያ ለመከላከል አመቺ የሚመስል፣ ሲሞከር ግን እጅግ የሚያስቸግር በሽታ ነው። ከታማሚው ዓይነ ምድር ጋር የወጣው የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያ በብዛት ተመልሶ ወደ ውኃው ይወጣና ሊታጠብ፣ ሊዋኝ ወይም ሊቀዳ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የጎለመሰው ትል በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ የሚጥለው እንቁላልም ውሎ አድሮ ጉበትን ይጎዳል። ሰንሰለቱ በሦስት ቦታ ሊበጠስ ይችላል፦ ሰውን በማከም፣ ዓይነ ምድር ውኃ ውስጥ እንዳይገባ በማድረግ፣ ወይም ቀንድ አውጣውን በማጥፋት። በ1960ዎቹ የነበሩት መድኃኒቶች ጠንቃቸው ከባድ ስለነበረ ተስፋ የሚጣለው በሦስተኛው ላይ ነበር። ቀንድ አውጣን የሚገድሉት የፋብሪካ ኬሚካሎች ደግሞ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዙ ነበሩ።

አክሊሉ በወንዙ ዳር ናሙና ሲሰበስቡ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ነው። ቀጥሎ ያደረጉት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አደረጉ፣ ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርበት ጠየቁ፣ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ማስተዋል ብቻውን ጥናት አይሆንም። ከወንዙ ዳር ሳይነሡ ግምታቸውን ውድቅ ሊያደርግ ለሚችል ሙከራ አቀረቡት፤ አረፋው ባይገድል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

እንዶድን ለልብስ ማጠቢያነት የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። ጋቢና ነጠላ ሲታጠብበት ኖሯል፤ ለኮሶ መድኃኒትነትም ያገለግላል። አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ይኸው ነው። ፍሬው ይበልጥ ኃይል የሚኖረው ሙሉ በሙሉ አድጎ ገና ሳይበስል ሲለቀም፣ ደርቆ ሲፈጭና በውኃ ሲበጠበጥ እንደሆነ ኋላ ላይ በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ። የመጀመሪያውን አጭር ዘገባ አክሊሉ በ1965 ያሳተሙት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። የሰፋው የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤት በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም የሚሠሩ ኬሚስቶች ከፍሬው የለዩትን ገዳይ ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቋሙ። ዛሬ በእሳቸው ስም የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ይህ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ለሚገኙ በሽታዎች በአገር ውስጥ፣ በቋሚነት የሚሠራ የምርምር ቤት መፍጠር ከግኝቱ የማይተናነስ ሥራ ነበር። ሥራው በእንዶድም ብቻ አልተወሰነም፤ አክሊሉ ራሳቸው በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው ሊሽማንያ ላይ ከሌሎች ጋር ሆነው አጥንተዋል፤ በደጋው አገር ስላለው የቆዳ ሊሽማንያ ያካሄዱት የመጀመሪያ ምርመራ በ1969 ታትሟል። ተቋም ሲኖር ናሙናው፣ መዝገቡና የሠለጠነው ሰው ከአንድ ሰው ዕድሜ ያልፋሉ። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ አብሮ የሚበተን መረጃ ምን ያህል እንደሆነ በዩኒቨርሲቲ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ጊዜ ወስደን ልንመረምረው የሚገባው ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ የተካሄደው የአምስት ዓመት ጥናት ነው። በአካባቢው የሚለቀም እንዶድ እየተፈጨ በከተማዋ ወንዞች ላይ በየጊዜው ተጨመረ። ከመጨመሩ በፊት የሕዝቡ የበሽታ መጠን ተለካ፤ በመጨረሻም እንደገና ተለካ። በአጠቃላዩ ሕዝብ ዘንድ የስርጭቱ መጠን ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። በትንንሽ ሕፃናት፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ዘንድ ግን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው፤ ቀድሞ ሰው ውስጥ የገባውን ትል አይነካም። ትሉ ደግሞ ለዓመታት ይኖራል። ስለዚህ በ1969 የታመመ ጎልማሳ፣ ወንዙ ፈጽሞ ቢጸዳ እንኳ፣ በ1974 ሲመረመር እንቁላል ሊገኝበት ይችላል። በጥናቱ ዘመን ተወልዶ ያደገ ሕፃን ግን ያረጀ ትል ሊኖረው አይችልም፤ በእርሱ ላይ የሚታየው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የተከሰተ አዲስ መያዝ ብቻ ነው። መከላከል ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ያለው እዚህ የዕድሜ ክፍል ውስጥ ነው። የአክሊሉ ቡድን ሕፃናቱን ለይቶ ባይቆጥርና አማካዩን ብቻ ቢዘግብ ኖሮ፣ እንዶድ በሽታውን በግማሽ ያህል ብቻ የሚቀንስ ተራ ነገር ሆኖ ይታይ ነበር።

በዚህ ላይ ጥያቄ ማንሣት ይቻላል፤ መነሣትም አለበት። በፊትና በኋላ መካከል በሚደረግ ንጽጽር ሁሉ ለውጡን ያመጣው ሌላ ነገር ቢሆንስ ማለት ተገቢ ነው፤ የዝናቡ መጠን፣ የቧንቧ ውኃ መስፋፋት፣ የሰዎች ልማድ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ሆኖም ከዚህ ጥናት ጋር ተወዳዳሪ የሚሆን ርዝመት ያለው፣ መነሻ መረጃ ያለውና በዕድሜ የተከፋፈለ የመከላከል ጥናት ዛሬም በብዛት አናገኝም። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲያችን ለማስተርስ ማሟያ የሚሠራው አብዛኛው ሥራ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ወቅት፣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ናሙና ወስዶ መቶኛ የሚያወጣ ነው። እነዚህ ሥራዎች በሽታው መኖሩን ይነግሩናል፤ ምን ቢደረግ እንደሚቀንስ ለመናገር ግን አልተሠሩም። የበጀት ዓመቱና የመመረቂያ ቀኑ የጥናቱን ርዝመት ሲወስኑ ውጤቱ ይኸው ነው። ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ አንድ ክፍል የተማሪዎቹን ሥራ አቀናጅቶ በአንድ መንደር በየዓመቱ ቢያስቀጥለው ኖሮ አምስት ትንንሽ ጥናቶች አንድ ትልቅ ጥናት ይሆኑ ነበር።

ጥናቱ ባበቃበት ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ውጤቱ ተጠናቅሮ የታተመው በ1978 ነበር። አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ሥራ ውስጥ ገቡ፤ በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት አገለገሉ። በአገር ቤት ደግሞ የግብርና ባለሙያው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው ለዓመታት አነጻጸሩ፤ ቀንድ አውጣን በመግደልና በምርት ከሁሉም የተሻለውን ለይተው ዓይነት 44 ብለው መዘገቡት። እንዶድ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ኃይሉ እጅግ ይለያያል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ባይኖር ኖሮ አንዱ ተመራማሪ ያገኘውን ሌላው መድገም ያስቸግረው ነበር።

ውጤቱ ከታተመ በኋላ እንዶድ ወደ ሰፊ አገልግሎት ይገባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አልገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ አደገኛ አለመሆኑ በተገቢው ደረጃ አልተረጋገጠም በማለት ተጨማሪ የመርዛማነት ፍተሻ ጠየቁ። በኢትዮጵያ የተሠራው ፍተሻ አዲሱን የጥሩ ቤተ ሙከራ አሠራር መስፈርት አያሟላም ተባለ። እዚህ ላይ የዘመን ቅደም ተከተሉን ማየት ይጠቅማል። ይህ መስፈርት በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብ ሆኖ የወጣው በ1978 መጨረሻ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1979 ነው፤ የበለጸጉ አገሮች የትብብር ድርጅት የራሱን መርሖች ያጸደቀው በ1981 ነው። የዓድዋ ጥናት ሲጀመርም ሲያልቅም ደንቡ አልነበረም። የወጣበትም ምክንያት በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተፈጸመ ስሕተት ሳይሆን፣ በኢሊኖይ ግዛት የነበረው ኢንዱስትሪያል ባዮቴስት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለኬሚካልና ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የሐሰት የፍተሻ ውጤት ሲያቀርብ መገኘቱ ነበር።

ሆኖም መስፈርቱን የውጭ ሰዎች ተንኰል ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል። ደንቡ የሚጠይቀው የተፈረመበት መዝገብ፣ የተስተካከለ መሣሪያ፣ የእንስሳቱ አመጣጥና አያያዝ፣ ከሥራው ውጪ ያለ ሰው የሚያደርገው ቁጥጥር፣ ተጠብቆ የሚቆይ ጥሬ መረጃ ነው። እነዚህ ለማንም ምርምር የሚጠቅሙ ናቸው። ችግሩ ያለው ዋጋቸው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ለማቋቋምና ለማስፈቀድ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በጀት እጅግ ይርቅ ነበር። በፋብሪካ ኬሚካል ላይ የፍተሻውን ወጪ የሚሸፍነው ከሽያጩ የሚያተርፈው ኩባንያ ነው። ማንም በጓሮው ሊተክለው የሚችለውን እንዶድን ግን የሚያስፈትሽ ኩባንያ የለም። ይህ ወጪ የመንግሥት ድርሻ ነበር፤ በወቅቱ በጦርነትና በድርቅ የተወጠረው የኢትዮጵያ መንግሥት ግን አልሸፈነውም። አክሊሉ በኋለኞቹ ጽሑፎቻቸው ደጋግመው የተከራከሩት በዚህ ዙሪያ ነበር፤ በአፍሪካ ሳይንስ ላይ የተጫነው ችግር የገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ በአፍሪካ የተሠራ ሥራ ሌላ ቦታ እስኪደገም ድረስ አለመታመኑም ነው የሚል አቋም ነበራቸው። አቋማቸው እውነት አለው። እኔ ግን የምጨምረው አለ፤ አለመታመንን የሚያሸንፈው ሊመረመር የሚችል ጥሬ መረጃ ነው፤ እሱን ጠብቆ የማቆየት ኃላፊነት ደግሞ የራሳችን ነው።

አክሊሉ በር ሲዘጋባቸው ሌላ በር ማንኳኳት አላቆሙም። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 በስዋዚላንድ ምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናቶች እንዲካሄዱ ከሌሎች አፍሪካውያን ሳይንቲስቶች ጋር አስተባበሩ፤ የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊድያ ማኩቡ ከዋና አጋሮቻቸው አንዷ ነበሩ። በመጨረሻም የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ሰጥቶ የመርዛማነት ፍተሻው በተፈለገው ደረጃ ተካሄደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተመው ውጤት እንዶድ ለአጥቢ እንስሳት ያለው አደጋ ዝቅተኛ መሆኑን፣ ዓይንን ግን ክፉኛ እንደሚያስቆጣ አሳየ። ልብስ ስታጥብ የኖረች እናት ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አላስፈለጋትም። ዓሣን የሚገድል መሆኑም የታወቀ ስለሆነ፣ በየትኛው ውኃ ላይ መጠቀም እንደሚገባ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከዓድዋ ጥናት ፍጻሜ እስከዚህ ውጤት ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አልፏል። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰድና ጠንቁ ቀላል የሆነ መድኃኒት ወጥቶ የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣ ወደ እንክብል ዞሯል። እንዶድ ፈተናውን ሲያልፍ ፈታኞቹ ሌላ ክፍል ገብተው ነበር ማለት ይቻላል።

ክብር ከውጭ መጣ። በ1989 አክሊሉና ለገሰ ከአማራጭ ኖቤል የሚቆጠረውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በ1990 አካባቢ በኦሃዮ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በእንግድነት በተገኙበት ጊዜ ደግሞ፣ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ የተባለ ባለዛጎል ፍጥረት እንዶድ እንደሚገድለው ተረጋገጠ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የእንዶድን ጠባይ ለትውልድ ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ሴቶችና የአገሪቱ ድርሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አክሊሉ በ1997 በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ተቋማቸው ሥራውን አላቋረጠም። በ2002 ተመራማሪዎቹ ከሌሎች ጋር ሆነው፣ በወሎ በእንዶድ ከተደረገው የቁጥጥር ሥራ በኋላ የበሽታው ስርጭት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። በ2014 ደግሞ ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ በዚሁ በራያ ሜዳ ላይ በምትገኘው ዋጃ ጥሙጋ የተካሄደ የቢልሃርዝያ ጥናት ከተቋሙ ወጣ። ከጎብዬ ለሚነሣ ተመራማሪ እነዚህ ሁለቱ የቅርብ ጎረቤት ሥራዎች ናቸው።

የዓድዋውን ዘዴ እንዳለ ወደ ጎብዬ ማምጣት ግን አይቻልም። እንዶድ የሚስማማው ከ1,600 ሜትር ገደማ በላይ ያለው ወይና ደጋና ደጋ ነው፤ የራያ ሜዳ ከዚያ በታች ነው። ፍሬው ከላስታ ደጋ ተለቅሞ ይውረድ ወይስ በመስኖ ይተከል፣ ዋጋው ስንት ይሆናል፣ ጎርፍ ሲመጣ ቦዩን የሚያጥበው ወንዝ ቀንድ አውጣውን በየትኛው ወር ይመልሰዋል የሚሉት ጥያቄዎች እዚያው ቆይቶ በሚቆጥር ሰው ብቻ የሚመለሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ቀንድ አውጣን መቆጣጠርን ከመድኃኒት እደላ ጎን ለጎን እንደገና መክሯል፤ መድኃኒቱም ከሁለት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። በእኛ አካባቢ አብዛኛው የስርጭት ጥናት ዛሬም የሚጀምረው ከትምህርት ቤት በር ነው። እናቱ ልብስ ስታጥብ ቦዩ ዳር የሚንቦጫረቀው የሦስት ዓመት ሕፃን በመዝገቡ ላይ የለም።